አስፋልቱ ደጄ ሲደርስ

አባቴ መንገድ ያዛል ብዬ አምን ነበር። ሌሎች ልጆች አባቴ ሹፌር ነው፣ አባቴ ፖሊስ ነው፣ አባቴ ዱባይ ነው እያሉ ሲጎርሩ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ አባቴ መንገዱን ጠርቶታል፣ ይኸው እየመጣ ነው እል ነበር። የሳቀብኝ ልጅ የለም። እንዴት ይስቃል? መንገዱ ዓይናችን እያየ እየመጣ ነበራ።

ሰፈራችን ከጉርድ ሾላ ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ጎሮን አልፎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ሜዳ ድሮ የአባዬ የጤፍ ማሳ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ የቀረን ነገር ቤታችን፣ አንዲት ላምና ራሱ አባዬ ብቻ ነበሩ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየችም፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ደሪቱ ናት። አባዬ ደቻሳ ይባላል። መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ከገበሬነቱ የተረፈው ጠዋት ከቤት ወጥቶ ሰማይ ማየቱ ነው። ይዘንባል አይዘንብም ብሎ ያያል፤ ከዚያ የሚዘራው ነገር እንደሌለ ትዝ ሲለው ተመልሶ ይገባል።

መንገዱ መጀመሪያ የመጣው በድምፅ ነው። ከዋናው አስፋልት በኩል፣ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ጢጥ ጢጥ ሲል እንሰማለን። ቀጥሎ አቧራው መጣ፤ የታጠበ ልብስ ላይ፣ ሽሮው ላይ፣ ቅንድባችን ላይ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢጫው ግሬደር በባህር ዛፎቹ መሃል ብቅ አለ፤ ከሆዱ ሥር ባለው ሰፊ ብረት አፈሩን እንደ ቅቤ እየገሸለጠ። ከኋላው ቦቴ ውሃ ይረጫል። ያ የረጠበ አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

የግሬደሩ ኦፕሬተር ሰናይ የሚባል የወሎ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ፎጣ የሚጠመጥም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። እኔን አንስቶ ካቢናው ውስጥ አጠገቡ ያቆመኛል፤ ወለሉ ከእግሬ እስከ ጥርሴ ያንቀጠቅጠኛል። "ኢንጂነር ፌናን፣ ዛሬ እስከ የት እንቁረጥ?" ይለኛል። እስከ ዛፏ እላለሁ። እስከ ዛፏ ይቆርጣል። በነጋታው እስከ ወፍጮ ቤቱ እላለሁ፤ ሲመሽ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሶ አገኘዋለሁ። ስለዚህ መንገድ ማለት ሰው ያዘዘው ቦታ የሚደርስ ነገር ነው ብዬ ተማርኩ። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ በደንብ የገባኝ ይሄ ነበር።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲያርፉ ደሪቱ በጆግ ውሃ ይዛ ትወጣለች። ለሁሉም ነው የምትቀዳው፤ ሰናይ ጋ ስትደርስ ግን ጆጉ ሁሌ ባዶ ይሆናል፣ ተመልሳ መቅዳት አለባት። ምስኪን እህቴ ሒሳብ አትችልም፣ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥራ አትቀዳም እያልኩ አዝንላት ነበር። ሒሳቡን የማልችለው እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ግንቦት ላይ፣ እሑድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አራት ናቸው። ከፊት የቆሙት ጋሽ ገረመው ነበሩ። የጡረታ ሰው ናቸው፤ ከዘራቸውና ኮፍያቸው አይለያቸውም፤ ሰናይ የሚኖረው እሳቸው ግቢ ተከራይቶ ነበር። አባዬ ወንበር ቢያቀርብ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እንደዚያ ነው፤ ቆሞ ይለምናል። እኔ ያንን ከየት ልወቅ? ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ጃንጥላ የያዘ፣ አባቴ ፊት የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ተደርድረው ሲቆሙ አየሁና፣ እነዚህ የመንገዱ ባለሥልጣኖች ናቸው አልኩ። አባቴን ፈሩት አልኩ።

ደሪቱና እኔ ጓዳ ሆነን በመጋረጃው ቀዳዳ በየተራ እናያለን። በየተራ ያልኩት ለወጉ ነው፤ እሷ ቀዳዳውን ለቃልኝ አታውቅም። እጄን ይዛኛለች። እጇ በላብ ርሷል፣ ጣቶቼን እስኪያመኝ ትጨምቃለች። አባዬ መጀመሪያ ዘመድ ላማክር ብሎ ሰደዳቸው። ሁለተኛ ሲመጡም ሰደዳቸው። በሦስተኛው ተነስቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ግሬደሩ ወደቆመበት አመለከተ። ግሬደሩ ቅርብ ነበር። ስሙን ጠርተህ ና ብትለው የሚሰማ ይመስላል።

"አስፋልቱ ደጄ ሲደርስ፣" አለ አባዬ፣ "እሺ ብያለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ሳቁ። እፎይ ያለ ሰው ሳቅ ነው። ጋሽ ገረመው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ይቺማ ምን አላት አሉ፤ መስቀልን ሳናይ አስፋልቱ ላይ እንጨፍራለን አሉ። ሌሎቹም ለመመረቅ እጃቸውን ዘረጉ።

ደሪቱ በጓሮ በር ወጥታ ሮጠች። ተከትያት ብሄድ የላሟን አንገት አቅፋ ግንባሯን ትስማለች። አስፋልት ያን ያህል እንደምትወድ አላውቅም ነበር።

አባዬ ያን ቃል ለምን እንደተናገረ የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔው ነገር ቆስቁሼ ነው። መሬቱን የወሰዱት ሰዎች ሁሉ የራስ ቁር አድርገው፣ ካርታ ዘርግተው፣ ቃል ገብተው ነበር የመጡት። የመንገድ ሰው ከመንገዱ ጋር ነው የሚሄደው ብሎ ፈራ። የጀመረውን ሲጨርስ በዓይኔ ካየሁ ልጄንም ሜዳ ላይ አይጥላትም ብሎ አሰበ። ደግሞ፣ አለኝ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ አንቺ ገና ትንሽ ነበርሽ፤ ፀጉርሽን ማን ይሠራልሽ ነበር? ቀላል ነገር ነው የጠየቅሁት አለ። እውነቱን ነው። ወርቅ አልጠየቀ፣ ከብት አልጠየቀ። እየመጣ ያለ መንገድ ይምጣ ነው ያለው። አራት ሽማግሌ፣ አንድ ኦፕሬተር፣ እህቴ፣ ሁሉም ቀላል መስሏቸው አሜን አሉ።

ሰኔ ላይ ዝናብ ጀመረና ሥራ ቆመ። ክረምት ነው ተባለ። መስቀል መጣና አለፈ፤ አፈሩ ገና አልደረቀም ተባለ። አፈሩ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ በጀት አልተለቀቀም ተባለ። ከበራችን ትንሽ ወረድ ብሎ ለጎርፍ መሄጃ የቆፈሩት ቦይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ኅዳር ላይ ከወረዳ ሰው መጥቶ ወፍጮ ቤቱ ፊት ሰበሰበን። አባዬ መሬት ተቀምጧል፣ እኔ ጉልበቱ መሃል። ሰውዬው አዲስ ጫማ አድርጓል፤ አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። ልማት ሚዛናዊ መሆን አለበት አለ። አዲስ አበባ ብቻዋን አትለማም፤ መንገድ የሚባል አይተው የማያውቁ ክልሎች አሉ፤ ለጊዜው ገንዘቡም ማሽኑም ወደዚያ ዞሯል፤ ተራችን ሲደርስ ይመለሳል። ሰዉ አጉረመረመ። አንዷ ሴትዮ፣ እኛም እኮ ክልል ነበርን፣ እናንተ ናችሁ ከተማ ያደረጋችሁን ብላ ሰዉን አሳቀችው። አባዬ ግን እጁን አውጥቶ ልክ ነው አለ። እነሱም እንደኛ ሴት ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ ወላድ በቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ ይድረሳቸው። ብቻ፣ አለ፣ የእኛው የሚመለስበት ቀን ይነገረን። ሰውዬው ስለ አስተያየቱ አመስግኖ መኪናው ውስጥ ገባ።

እኔ የገባኝ መንገዱ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ክልል ወደሚባል ቦታ እንደሚላክ ነው። ማስረጃም ነበረኝ። በሳምንቱ ሎቤድ የሚባለው ረጅም የማሽን መጫኛ መኪና መጥቶ ግሬደሩን ጫነው። ሰናይ ከሎቤዱ ወርዶ ወደ ግቢያችን መጣ። የአባዬን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባዬ ብብቱን ይዞ አነሳው። ከአሶሳ ወዲያ ነው የመደቡኝ አለ፤ እዚያ ያለውን ጨርሰን ከነማሽኑ እመለሳለሁ። ደሪቱ በር ላይ ቆማለች። አላናገራትም፤ አባዬ ቆሞ እንዴት ያናግራት? እኔን ወደ ላይ አነሳኝና፣ "ቦታውን ጠብቂልኝ፣ እመጣለሁ" አለ።

ጠበቅኩለት። እንደኔ የጠበቀ ዘበኛ በሸገር የለም። በተቆረጠው አፈር ላይ ቆሻሻ ሊደፋ የመጣን ሁሉ በድንጋይ አባረርኩ፤ በጎች አባረርኩ፤ እንጨት ሊያራግፍ ከመጣ ባለ ጋሪ ጋር ተሰዳደብኩ፤ አንዲት ሴትዮ ጆሮዬን ጠምዝዛ ለደሪቱ እስክታስረክበኝ ድረስ። ሰናይ አዞኛል እያልኩ አለቀስኩ። ደሪቱ አልተቆጣችኝም። አሁን ሳስበው፣ ሰናይ ያን ቀን እኔን ተሸክሞ ሲናገር ያየው የነበረው ከትከሻዬ ወዲያ ነው።

ደሪቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጾም ጀመረች። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር አልገረመኝም። እንዲያውም ከሰው ሁሉ አብልጣ፣ እስከ ማታ ውሃ ሳትቀምስ ስትውል ሳይ፣ እህቴ ልትመነኩስ ነው ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩት። ገና ደረሰ። አባዬ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገባ፣ ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆነ። ደሪቱ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋችው።

"ጾሙ ተፈታ እኮ" አልኳት።

"እኔ አልፈታሁም" አለች።

ሰናይ ይደውል ነበር። የሚደውለው በአባዬ ስልክ ነው። አባዬ ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ ከጠየቀው በኋላ ሰላም በይው ብሎ ለደሪቱ ይሰጣትና ላሟን ለማየት ይወጣል። እኔ የማየው ላም የለኝም፤ ጆሮዬን ስልኩ ጀርባ ላይ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ ላይ እየቆረጥን ነው ይል ነበር። ቀርከሃ ነው፣ ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል፣ ልጆች ከግሬደሩ ኋላ ይሮጣሉ። ቀጥሎ ክረምት ነው አለ። ቀጥሎ አንድ ቀን ሲደውል ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። እዚያም ቆሟል። እዚያም ሕዝቡ ተሰብስቦ ተነግሮታል፤ ገንዘቡ ለጊዜው ወደ አዲስ አበባ ዞሯል፣ ዋና ከተማዋ ሳታልቅ አገር አያድግም፣ ተራችሁ ሲደርስ ይመለሳል።

"እናንተ ጋ ደረሰ እንዴ?" አላት።

ደሪቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች በሩን ከፍታ ወጣችና ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አየች። ጠዋት ያልነበረ ነገር ከሰዓት የሚበቅል ይመስል ወጥታ አየች። አልደረሰም አለችው።

እኔም በጭንቅላቴ አሰላሁት። መንገዱ ከእኛ ሄዷል፣ እነሱ ጋ አልደረሰም። ከእነሱ ተነስቷል፣ እኛ ጋ አልደረሰም። ስለዚህ እንደተጠቀለለ መሃል ላይ የሆነ ገደል ገብቷል። አድጌም ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ራስ አጥባለሁ። ባለፈው አንዲት ደንበኛ፣ የመንገድ ነገር የሚታይበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ፕሮጀክት ሦስት አራት ዓመት ቢዘገይ ኖርማል ነው፣ ዲሌይ የሌለው ፕሮጀክት አይቼ አላውቅም ትላለች። የሙቁን ውሃ ትንሽ ከፈት አደረግኩት። ዘለለች። ይቅርታ የኔ ቆንጆ አልኳት፣ ቧንቧው ነው።

ዓመቱ ዓመት ወለደ። የደሪቱ እኩዮች ተድረው፣ ወልደው፣ ልጅ አዝለው ሊጠይቋት ይመጣሉ። ሌላ ሽማግሌም መጥቶ ነበር፤ አባዬ ቃል አለብኝ ብሎ መለሰው። ቧንቧ ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ ደሪቱ ባሏ አስፋልት ነው ይላሉ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ስብሰባ በዝቶበት ነው የቀረው ይላሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ቀልዱ ስለ መንገዱ መስሎኝ ነው። ሰናይም መደወል አበዛ አበዛና ተወ። ኔትወርክ ነው እንል ነበር።

በእኛ ዘንድ የሴት ወገን ሽማግሌ አይልክም። ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ የሄደ አባት ልጁን አረከሳት። ቃሉንም ላንሳ ማለት አይችልም፤ በአራት ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር በአንድ ሰው አፍ አይነሳም። ስለዚህ ለአባዬ የቀረው ቃሉን መፈጸም ብቻ ነበር።

ያኔ ሰሚት በኩል አስፋልት ይነጠፍ ነበር። አባዬ ጠዋት ወጥቶ ሰማዩን ማየት ትቶ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። ከሲኖ ሹፌሮቹ ጋር ይውላል፣ ሲጋራ ያቀብላቸዋል፣ ጎማቸው ሥር ድንጋይ ያደርግላቸዋል። ኋላ አንዱን ለመነው፤ ማታ ማታ የሚተርፈውን፣ ወስዳችሁ የምትደፉትን ለኔ ድፉልኝ። አንድ ከሰዓት ሲኖው እያቃሰተ መጣና በራችን ፊት ጭነቱን ገለበጠው። ጢሱ ተነሳ። የሬንጁ ሽታ ጉሮሮ ያንቃል። ጥቁሩ ክምር ሆዱ ውስጥ እሳት አለው፤ ቶሎ ካልተዘረጋ ደርቆ ይቀራል። አባዬ በአካፋ ያዘው። ጎረቤት ወጣ፤ ግማሹ ሊያግዝ፣ ግማሹ ሊስቅ። ደሪቱ በር ላይ ቆማ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከአባዬ ጎን ገባች። መዳመጫ ሩሎ ስለሌለ አባዬ በርሜል ውሃ ሞልቶ አጋደመና እየገፋ ያንከባልልበት ጀመር፤ እጁ እየተላጠ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ። ሲመሻሽ ከበራችን እስከ ቦዩ ጠርዝ፣ አንዲት ሚኒባስ የምትቆምበት የምታህል አስፋልት ተኛች። ከየትም አትመጣ፣ የትም አትሄድ።

እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። መንገዱ መጣ እያልኩ ልዘልባት ስወጣ የኮንጎ ጫማዬ ቀልጦ ተጣበቀ። ከሄደበት ሲመለስ ለምን እንዳነሰ ግን አልገባኝም። በመንገድ ተበልቶ ይሆናል አልኩ።

በእሑዱ አባዬ ካፖርቱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ገረመው ከቆሙበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ለእሳቸው አንድ ቃል አልተናገረም። ላገኘው ሰው ሁሉ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል። እንዴት ከረምክ ደቻሳ ሲሉት፣ ደህና፣ አስፋልት ደጄ ደረሰ ይላል። ላሟስ ሲሉት፣ እሷም ደህና ናት፣ አስፋልት ደጄ ደረሰ። እህሉ ተወደደ ሲሉት፣ አዎ ተወዷል፣ አስፋልት ደጄ ደረሰ። አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ አለፈው። እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ አዎ፣ ጥቁር ነው፣ ያቃጥላል እያልኩ እመሰክራለሁ።

ጋሽ ገረመው ረቡዕ ቀን መጡ፤ ብቻቸውን። ለሠርግ ነገር ሽማግሌ ብቻውን እንደማይመጣ እኔ አላውቅም። ደሪቱ ታውቃለች። በአጥሩ ቀዳዳ እንዳየቻቸው የምታሰጣውን ልብስ እርጥቡን ሣር ላይ ጥላ ገባች።

አስፋልቷ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አልረገጧትም። አባዬ ካፖርቱን እየለበሰ ወጥቶ ይግቡ አላቸው፤ እዚሁ ይበቃኛል አሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ያችን ጥቁር ነገር ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"አቶ ደቻሳ፣ እርስዎ ቃልዎን ፈጽመዋል" አሉ። "ያፈርኩት እኔ ነኝ።"

አባዬ የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"ልጁ እዚያው ትዳር ይዟል። ሥራው ቆሞ ደመወዙም ሲቀርበት ወርቅ ቁፋሮ ገብቶ ነበር፤ ያስጠጉት ሰዎች ልጃቸውን ዳሩለት። አሁን ወንድ ልጅ ተወልዶለታል። ልጅትዎ በእኛ ቃል ታስራ እንዳትቀር ብዬ ነው የመጣሁት። ፈተናታል።"

ልጅ መወለዱ ደስ አይልም እንዴ? እኔን ደስ አለኝ። ለማብሰር ሮጬ ስገባ ደሪቱ ከበሩ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሰናይ ልጅ ወለደ አልኳት። ሰምቻለሁ አለች። የቀሚሴን ኮሌታ አስተካከለችልኝ፤ የተስተካከለውን እንደገና አስተካከለችው።

"ጋሽ ገረመው ሳይሄዱ ድረሺባቸው" አለችኝ። "ለሚስቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላሻለች በሉልኝ በያቸው።"

ሮጬ ወጥቼ ቃል በቃል ነገርኳቸው። ጋሽ ገረመው ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ የመጡበትን የአፈር መንገድ ይዘው ተመለሱ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

መንገዱ እስካሁን አልመጣም። በዓመት አንዴ ሰዎች መጥተው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ይተክላሉ፤ ክረምት ሲገባ ሰፈርተኛው ነቅሎ ይማግደዋል። ቤታችን ለመንገዱ ይነሳል ስለተባለ ማደስ ክልክል ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እናሰልፋለን። ቦዩ ሐይቅ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ማዶ ነበርና፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መሻገሪያው ግንድ ተንሸራቶ ከነደብተሬ ከተተኝ፤ ሰበብ ስፈልግ ነበር፣ በዚያው ከትምህርት ቀረሁ። ላሟ ተሸጠች። ደሪቱ ሠላሳውን ካለፈች ቆይታለች። ፀጉሯን እኔ ነኝ የምሠራላት፤ ከጆሮዋ በላይ ነጭ ሲበቅል ሳልነግራት እነቅለዋለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ሽማግሌ መጣባት። ሁለት ናቸው። የላካቸው ሰውዬ መሐሪ ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ትልልቅ ልጆች ያሉት፣ ኦሎምፒያ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ነው። የፊት ጥርሶቹ የሉም። መጥፎ ሰው ነው አልልም፤ አላውቀውም። ደሪቱም አታውቀውም። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የተዘጋጀበትን ነገር ከአዳምና ሔዋን ጀመረ። ገና ከገነት ሳይወጣ አባዬ እጁን አነሳ። አርጅቷል፤ ሲናገር መሬት መሬት ነው የሚያየው።

እሺ ብያለሁ አለ። ውሰዷት፤ ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልጅ ሲጠየቅ ወዲያው እሺ የሚል አባት ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፤ ቢያንስ ሂዱና ተመለሱ ይባላል። ተናጋሪው የሚያደርገው ቢጠፋው ቆሞ ንግግሩን ቀጠለ።

እኔ ጓዳ ገባሁ። ደሪቱ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሳትጠይቀኝ ጀመርኩ። አባዬ ፊት ነስቷቸዋል አልኳት፤ ሦስት ጊዜ ካልተመላለሳችሁ አላናግራችሁም ብሏል፤ ደግሞም ሰውዬው አስቀድሞ ጥርሱን ያስተክል፣ እሱም ወርቅ ካልሆነ ልጄን አላሳይም ብሏል። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር ቀጠልኩ፤ ወርቁ ደግሞ ለጥርሱ በሙሉ ነው አልኳት፣ እስከ ውስጥ መንጋጋው።

ሳቋ አለቀ። ፊቴን አየችኝ።

"ውሸታም" አለችኝ። "ሰምቼዋለሁ እኮ። ገና ሳይቀመጡ ነው የሰጠኝ።"